ጀልባዋን ለክረምት ማልበስ

ግንቦት 16 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

ጀልባዋ ዛሬ ከባቦጋያ ወጣች። ጠዋት ሐይቁ እንደ መስታወት ነበር። ስምንት ሰዓት ሲሆን በየረር በኩል ያለው ሰማይ ጠቆረ። ነጎድጓዱ ገና ሩቅ ሳለ ምሰሶዋን አውርደን ተጎታቿ ላይ ጫንናት።

አምና "እስከ ሰኔ አጋማሽ ምን አለበት" ብዬ ቆይቼ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መሃል ሐይቅ ላይ እያለሁ ከማዶ ገደሉ ላይ መብረቅ ሲወርድ አየሁ። ባቦጋያ እሳተ ገሞራ በቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ዙሪያው ገደል፣ መሃሉ ሜዳ ውሃ። እዚያ ሜዳ ላይ ብቻውን ቀጥ ብሎ የቆመው የእኔ የአልሙኒየም ምሰሶ ነበር። ዳር እስክደርስ ድረስ ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም። ከዚያ ወዲህ ግንቦት ሳያልቅ ማውጣት ነው።

ለማያውቃት፣ ጀልባዋ ዌይፌረር የምትባል ባለ ሸራ ናት። ኢያን ፕሮክተር የተባለ እንግሊዛዊ በ1957 እ.ኤ.አ. የነደፋት። ርዝመቷ 4.82 ሜትር፣ ወርዷ 1.85 ሜትር፣ ባዶ አካሏ 169 ኪሎ ገደማ ነው። የእኛዋ ፋይበርግላስ ናት፤ መቀመጫዎቿ ግን እንጨት ናቸው። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ሰው ላይ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አዋጥተን ገዛናት።

አምና ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር አስቀምጠን፣ ሰማያዊ ላስቲክ ጣል አድርገንባት ሄድን። መስከረም ላይ ስንመለስ ላስቲኩ መሃሉ ላይ ተቀዶ፣ ጀልባዋ እስከ መቀመጫዋ ውሃ ሞልታ አገኘናት። እንጨቱ አብጦ ቫርኒሹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ወለሏ ላይ የበሰበሰ ቅጠል ተጋግሯል። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ እኔና ወንድሜ መኪና ውስጥ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ዘንድሮ እንደዚያ አይሆንም። ጀልባዋን ቱሉ ዲምቱ፣ አጎታችን ግቢ አምጥተናታል። ከከተማው ዳር ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ብቅ ብዬ ላያት እችላለሁ። ልብሷን ራሴ እሠራላታለሁ። እግረ መንገዴን የሠራሁትን በየቀኑ እጽፋለሁ።

ግንቦት 17፣ እሁድ

ማጠብ። ሙሉ ቀን ፈጀ።

የባቦጋያ ውሃ ሶዳነት አለው። ሲደርቅ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይተዋል። ስፌት ውስጥ፣ ብሎን ሥር፣ ገመድ ውስጥ ይገባል። በጣት ሲዳብሱት ይሻክራል። በሳሙና ብቻ አይለቅም። አቼቶ በውሃ አቅጥኜ በጨርቅ ስቀባው ግን ትንሽ ተንጣጥቶ ይለቃል። ከዚያ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው።

ከታጠበች በኋላ ከኋላዋ ያለውን የውሃ መውጫ ውታፍ ነቀልኩት። ይህ ውታፍ ክረምቱን ሙሉ ተነቅሎ ነው የሚቆየው። ሽፋን ያፈሳል ብዬ ነው የማስበው፤ ያፈሰሰው ደግሞ መውጫ ያስፈልገዋል። እንዳይጠፋ ከመኪና ቁልፌ ጋር አሰርኩት። ከፊትና ከኋላ ያሉትን የአየር ክፍሎች ክዳንም ከፍቻለሁ። ጀልባዋ ብትገለበጥ እንዳትሰጥም አየር የሚይዙት እነሱ ናቸው። ተዘግተው ከከረሙ ውስጣቸው የቀረችው ጠብታ ሁሉ ሻጋታ ትሆናለች።

የንፋስ ሸራዎቿ ታጥበው በጥላ ደረቁ። አላጠፍኳቸውም፤ ጠቀለልኳቸው። እጥፋት ያለበት ቦታ ጨርቁ ይሰበራል። ቤት ወስጄ ቁም ሳጥን ላይ አጋደምኳቸው። ባለቤቴ "ሦስት ወር ሙሉ?" አለች። አራት ነው።

አንድ ነገር ላስተካክል። በእኛ ቋንቋ ነፋስ የሚይዘውም ሸራ ነው፤ ዕቃ የሚሸፍነውም ሸራ ነው። እንዳይምታታ መሸፈኛውን "ልብስ" እለዋለሁ።

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ

መርካቶ። ከወንድሜ ጋር።

ስለ ጀልባ አሸፋፈን ያነበብኩት ነገር አብዛኛው የተጻፈው ለቀዝቃዛ አገር ነው። እነሱ ክረምት ሲሉ አመዳይ ነው፤ ሐይቁ ራሱ የሚረጋበት ጊዜ። የሚፈሩት ልብሱ ላይ የሚከመረውን የበረዶ ክምር ነው። ብዙዎቹ በሙቀት የሚኮማተር ነጭ ፕላስቲክ አልብሰው በጋዝ ነበልባል ያጣብቁታል፤ ጸደይ ሲመጣ ቀደው ይጥሉታል። የእኛ ክረምት ሌላ ነው። ዝናቡ ሰኔ ይጀምርና ሐምሌና ነሐሴ ይወርዳል። በመሃሉ ደግሞ ደመናው ገለጥ ሲል ፀሐዩ ያቃጥላል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆንን ጨረሩ ከቆላው ይበረታል፤ ፕላስቲክን አድርቆ የሚሰባብረው እሱ ነው። ስለዚህ ከእነሱ የወሰድኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልብሱ ዳገታማ ይሁን።

ያማረጥነው ከሦስት ነው። ሰማያዊው ላስቲክ ርካሽ ነው፤ አምና አይተነዋል። የጥጥ ሸራ ደስ ይላል፣ አየር ያስተነፍሳል። ግን ሲርስ ይከብዳል፤ ደጋግሞ ርሶ ካልደረቀ ይበሰብሳል። ሦስተኛው የጭነት መኪና ሸራ ነው፤ ፒቪሲ የተቀባ። ውሃ አያሳልፍም፣ ፀሐይ ይችላል። ከባድ ነው፤ በካሬ ሜትር 600 ግራም ገደማ። አየር ደግሞ ፈጽሞ አያሳልፍም። ይህን የመጨረሻውን ነገር ሰምቼ አለፍኩት። ሐምሌ ላይ እመለስበታለሁ።

ያገለገለ የጭነት መኪና ሸራ አገኘን። 4 በ6 ሜትር፣ አረንጓዴ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት። ወንድሜ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን ወደ ፀሐይ አነሳነው። ቀዳዳ ካለ እንደ ኮከብ ያበራል። ሰባት ቆጠርን። ሻጩ "እሱ ምን አለው፣ ለጥፋቸው" አለን። እውነቱን ነው። ክብ ክብ አድርጌ ቆርጬ ለጥፌያቸዋለሁ። ማዕዘን ያለው ልጥፍ ከማዕዘኑ ይነሳል፤ ክቡ ይጸናል።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

አጽሙ ተጀመረ።

ምሰሶዋን አጋድሞ እንደ ጣሪያ ጫፍ መጠቀም የሚመርጡ አሉ። እኔ አልወደድኩትም። ከጀልባዋ ስለሚረዝም ከፊትም ከኋላም ይወጣል፤ የልብሱ ክብደት ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ያርፍበታል። ቢጎብጥስ? ምሰሶው በአጎቴ ቤት ጣሪያ ክፈፍ ሥር፣ በሦስት ቦታ ተደግፎ ተኝቷል።

ለጫፉ የባሕር ዛፍ አጣና ገዛሁ። ደረቅ ነው የመረጥኩት። እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሲጣመም ደግሞ ልብሱን አብሮ ያጣምማል። ቅርፊቱን ልጬ፣ ጉጡን በመጥረቢያ አስተካክዬ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ አሸሁት። ይህ ሥራ የማይታይ ነው፤ ግን አንዲት የቀረች ጉጥ ሦስት ወር ልብሱን ስታሽ እንደ መጋዝ ናት።

አጣናው በሁለት ቋሚ ላይ ያርፋል፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ከእሱ ወደ ጀልባዋ ጠርዝ፣ እኛ ከንፈሯ ወደምንለው፣ የጎድን አጥንቶቹ ይወርዳሉ። ለጎድን አጥንት የውሃ ፒቪሲ ቱቦ ተጠቀምኩ። አምስት አደረግኳቸው፣ በ1.20 ሜትር ርቀት። የአጣናውን ከፍታ ከከንፈሯ 45 ሳንቲም ላይ አቆምኩት። ከዚህ ከፍ ካለ ነፋስ ይይዘዋል ብዬ ነው። ቱሉ ዲምቱ ሜዳ ነው፤ ነፋሱን የሚመልስ ነገር የለም።

ሰኔ 1፣ እሁድ

ተጎታቿን አቆምን። በክሪክ አነሳናትና ከአክስሏ ሥር ብሎኬት አስገባን፣ ክብደቱ ከጎማዎቹ ላይ እንዲነሳ። አፍንጫዋ ከኋላዋ በአንድ ስንዝር ከፍ እንዲል አደረግን፤ ውስጥ የገባ ውሃ በራሱ ወደ ውታፉ ቀዳዳ እንዲሄድ። የጎማዎቹን ኩሽኔታ ፈትቼ አጠብኩ። ተጎታቿ ጀልባ ስታወርድ ውሃ ውስጥ ስለምትገባ ግራሶው ነጭ ሆኖ ነበር፤ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። አዲስ ግራሶ ሞላሁ።

የግቢው ጠባቂ አባባ ብሎኬቱን በከዘራቸው ነካ ነካ አድርገው "ልጄ፣ ይሄ መሬት መረሬ ነው" አሉኝ። "እሺ አባባ" ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ልብሱ ተሰፋ። በሁለቱም ጎን ጫፉን 20 ሳንቲም አጠፍኩና እጥፋቱ ውስጥ ገመድ አስገባሁበት። ወርዱ 3.60 ሜትር ሆነ። በማዳበሪያ መርፌና በናይሎን ክር ነው የሰፋሁት፤ መጀመሪያ በወስፌ መብሳት፣ ከዚያ መርፌ ማሳለፍ። ሦስት ሜትር ሳልጨርስ አውራ ጣቴ አበጠ። ወንድሜ ተካኝ።

ቀለበቶቹን በየ50 ሳንቲሙ መታን። ነጠላ ሸራ ላይ የተመታ ቀለበት ነፋስ ሲጎትተው ተመንግሎ ይወጣል። ድርብ ሆኖ ገመድ ሲኖርበት ግን ጉተታው በገመዱ ይከፋፈላል።

ማሰሪያ ገመዱ ከአንድ ቀለበት ተነስቶ በጀልባዋ ሆድ ሥር አልፎ ማዶ ካለው ቀለበት ጋር። አስተሳሰሩ ይሄው ነው። ቋጠሮውን ያስተማረኝ አጎቴ ጋር ድንጋይ የሚያራግፍ የጭነት መኪና ረዳት ነው። "ጋሼ፣ እንዲህ ብታስረው እኮ በጠዋቱ ይላላል" ብሎ ገመዱን ከእጄ ወሰደ። መሃል ገመድ ላይ አንድ ጠምዘዝ፣ አንዲት ጆሮ። የገመዱ ጫፍ ወርዶ ቀለበቱ ውስጥ ይገባል፣ ተመልሶ በጆሮዋ ያልፋል። ከዚያ ወደ ታች መጎተት። ልብሱ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ። ጆሮዋ እንደ ፑሊ ስለምትሠራ የእጅ ጉልበት ይባዛል። ሲፈታ ደግሞ በአንድ መሳብ ይለቃል። ሦስቴ አሠራኝ፤ አራተኛውን ብቻዬን ሠራሁት።

ገመድ ባልደረሰበት ቦታ ውሃ የሞላ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ አንጠለጠልኩ።

ማታ ሲመሽ ከሩቅ አየኋት። የሰፈሩ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው "የኖኅ መርከብ ናት?" አሉኝ። አይደለችም አልኳቸው። ግን ደስ አለኝ።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ሚካኤል። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው እውነተኛ ዝናብ ወረደ። ከሥራ እንደወጣሁ ወንድሜን ይዤ በረርኩ። ስንደርስ መሽቷል። የስልክ መብራት አበራን።

በሁለተኛውና በሦስተኛው የጎድን አጥንት መካከል ልብሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ኩሬ ሠርቷል። ኩሬው እንደ ጎበጠ ምጣድ ነው፤ መሃሉ ላይ ቅጠል ይዞራል። ከሥር በእጄ ስደግፈው እንደ ሞላ ሆድ ይከብዳል። በጆግ ቀዳነው። ባለ ሁለት ሊትር ጆግ ነው፤ አሥራ አንድ ጊዜ። ሃያ ሁለት ኪሎ ውሃ፣ በአንድ ዝናብ፣ በአንድ ቦታ።

እዚያው ጨለማ ውስጥ ቆሜ አሰላሁት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ጀልባዋ ከላይ ስትታይ ዘጠኝ ካሬ ሜትር ገደማ ትሆናለች። 20 ሚሊ ሜትር የጣለ ቀን 180 ሊትር ያርፍባታል። እሷ ራሷ 169 ኪሎ ናት። ልብሱ ውሃውን ካልሸኘው በላይዋ ሌላ ጀልባ ጫንኩባት ማለት ነው።

ደግሞ ኩሬ ባለበት አይቆምም። ትንሽ ጎድጓዳ ትንሽ ውሃ ትይዛለች፤ ውሃው ይከብዳል፤ ሸራው ይለጠጣል፤ ጎድጓዳዋ ትሰፋለች፤ ቀጣዩን ዝናብ በሰፊው ትቀበላለች። አምና ላስቲኩን የቀደደው ይሄ ነው። እኔ ነፋስ ቀደደው ብዬ ነበር ዓመቱን ሙሉ የማምነው።

ሰኔ 15፣ እሁድ

ነፋሱን ፈርቼ ዝናቡን ረስቼ ነበር። አጣናውን ከ45 ወደ 75 ሳንቲም አነሳሁት። ዳገቱ ከ26 ዲግሪ ወደ 39 ዲግሪ ገደማ ወጣ። አራት የጎድን አጥንቶች ጨመርኩ፤ አሁን ዘጠኝ ናቸው፣ በየ60 ሳንቲሙ። በቱቦዎቹ ላይ ደግሞ ቁመቷን ሙሉ፣ በየጎኗ ሁለት ሁለት ሲባጎ ወጠርኩ። ሸራው በቱቦና በቱቦ መካከል እንዳይሰምጥ ሲባጎው ይይዘዋል። የቤት ጣሪያ ማገር እንደማየት ነው።

የልብሱ ጫፍ በየጎኑ 16 ሳንቲም ያህል ሽቅብ ወጣ፤ ቢሆንም ከከንፈሯ በታች ገና 60 ሳንቲም ይንጠለጠላል። ይበቃል።

አንድ ባልዲ ውሃ ከላይ ደፋሁበት። ውሃው ሳይቆም ወረደ። ወንድሜ "ድገመው" አለ። ደገምኩት።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

አባባ ልክ ነበሩ።

መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፣ እግር የሚውጥ ስንጥቅ። ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይላላል። የግራው ብሎኬት አራት ጣት ሰምጧል። ጀልባዋ ወደ ግራ ዘመመች። ስትዘም ደግሞ በቀኝ ያለው ገመድ ላልቶ ልብሱ በነፋስ ይማታል። ታች የተንጠለጠሉት ሃይላንዶች ሆዷን ሲመቱ የቆዩበት ቦታ ላይ ጭረት አየሁ። ጣቴን አሳለፍኩበት። ጥልቅ አይደለም፤ ግን በእኔ እጅ የመጣ ስለሆነ ከነከነኝ።

አባባን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። "ምን ይቅርታ አለው፣ አካፋ አምጣ" አሉ። እሳቸው እያዘዙ፣ እኔና ወንድሜ እየቆፈርን ሁለት ክንድ በሁለት ክንድ ጉድጓድ፣ ጉልበት ድረስ። ጥቁሩ አፈር ከአካፋው አይላቀቅም፤ በእጅ ነው የምንፍቀው። ድንጋይ ሞላንበት፣ ከላይ ገረጋንቲ፣ ደቀደቅነው። ከላዩ ሰፊ ጣውላ፣ ከዚያ ብሎኬቱ። ክብደቱ በሰፊው ሲያርፍ አይሰምጥም። በዙሪያዋም ውሃ መሄጃ ቦይ ቀደድን። ሁለቱንም ጎን ነው ያደረግነው፤ አባባ "የቀኙስ እስኪሰምጥ ትጠብቃለህ?" ስላሉ።

ሃይላንዶቹ ተነስተው በምትካቸው አሸዋ የሞሉ ትንንሽ ከረጢቶች ተንጠለጠሉ። ቢነኳትም አይጭሩም።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

በረዶ ጣለ። ሽንብራ የሚያህል፣ አንዳንዱ ባቄላ። ቆርቆሮው ስር ቆመን አየነው። ልብሱ ላይ እየነጠረ ወደ መሬት ይወርዳል፤ አንዱም አልቆመም። ከዳገቱ የተነሳ በሰያፍ ነው የሚመታው። ጫፏ ሥር ነጭ መስመር ሠርቶ ቆየ።

መንገዱ ጎርፍ ስለሆነ እዚያው አደርን።

ሐምሌ 20፣ እሁድ

ማደራችን ጥሩ ሆነ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ልብሱን ከኋላ ገልጬ እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። ከላይ ልብሱን የነካው ጣቴ ረጠበ። ዝናብ አልገባም። በመብራት ሳይ የልብሱ ውስጠኛ ፊት በሙሉ ጠብታ አውጥቷል፤ ልክ ምጣድ ላይ ያለ አክንባሎ ሲነሳ ሥሩ እንደሚታየው። ጠብታዎቹ በጎድን አጥንቶቹ ላይ እየተንሸራተቱ ወደ መቀመጫዎቹ ይወርዳሉ።

ከታች የርጥብ መሬት እንፋሎት ይነሳል። ሌሊት ልብሱ ይቀዘቅዛል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ሲነካ ውሃ ይሆናል። ፒቪሲ አየር አያሳልፍምና መሄጃ የለውም። መርካቶ ላይ ሰምቼ ያለፍኩት ነገር ይሄ ነበር። ዝናቡን ሁሉ ከልክዬ ከውስጧ አርሳታለሁ።

ስለዚህ ከፈትኳት። ከፊትና ከኋላ ያሉትን የልብሱን ሦስት ማዕዘን በሮች አጥብቄ ዘግቼ ነበር፤ አሁን የላይኛውን ግማሽ ከፍቼ የአጎበር ቁራጭ ሰፋሁበት፣ ወፍና ተባይ እንዳይገባ። ዝናብ በጎን እንዳይረጭ ከላዩ እንደ ቆብ የሚወጣ ምላስ አደረግኩለት። ጎንና ጎኗ ላይ ጫፉ ከሆዷ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ በየሜትሩ የጎማ ቁራጭ አስገብቼ አራት ጣት አራቅሁት። አየር ከታች ይገባል፣ ሞቅ ብሎ ከላይ ይወጣል። ከጀልባዋ ሥር ደግሞ ላስቲክ አነጠፍኩ፣ የመሬቱን እንፋሎት እንዲይዝ። ያ የድሮው ሰማያዊ ላስቲክ ነው፤ ለዚህ ሆነ።

ሌላም አገኘሁ። የአራተኛው ቱቦ ጫፍ ልብሱን ሲፈገፍግ ከርሟል፤ ቦታው ስስ ሆኗል። ያረጀ ካላማዳሪ ከጎሚስታ ለምኜ ቀደድኩና የሁሉንም ቱቦ ጫፍ፣ የአጣናውንም ሁለት ጫፍ አለበስኩ። ልብስ የሚበላሸው ከሚነካው ነገር ጋር ነው እንጂ በባዶ ቦታ አይደለም።

ሐምሌ 27፣ እሁድ

ማልጄ መጥቼ ዳበስኳት። ደረቅ ነው። ከላይ ጥቂት ጠብታ አለ፤ እስከ አራት ሰዓት ጠፋ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ቡሄ። ልጆቹ ሆያ ሆዬ ሲሉ አጎቴ ቤት ነበርኩ። "ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት" ይባላል፤ ሌሊቱን ግን ወረደ። ገመዶቹን አጠበቅኩ፤ ሁለቱ ላልተው ነበር። የኋላው ክፍል ውስጥ የአይጥ ፍግ አየሁ። የተረፈውን ገመድ በሙሉ አውጥቼ ቤት ወሰድኩት። አይጥ የጀልባ ገመድን ለጎጆ ይወዳል። የአባባ ድመት ከዛሬ ጀምሮ ተጎታቿ ሥር ነው የምትበላው።

ጳጉሜን 2፣ እሁድ

ምንም የለም። ይህን መጻፍ እንዴት ደስ ይላል።

መስከረም 18 ቀን 2018፣ እሁድ

ትናንት መስቀል ነበር። ዛሬ ገለጥናት። ግቢው ዳር አደይ ፈክቷል፤ መረሬው ላይ ቅርፊት መሥራት ጀምሯል።

ገመዶቹ በአንድ በአንድ መሳብ ተፈቱ። ከመፍታቴ በፊት ቱቦዎቹን ከ1 እስከ 9 በቀለም ቁጥር ጻፍኩባቸው፤ ልብሱ ላይ ደግሞ "አፍንጫ" እና "ኋላ" ብዬ። ለከርሞ ግማሽ ቀን ይቆጥብልናል። ከዚያ ወንድሜ በግራ፣ እኔ በቀኝ ሆነን ልብሱን ወደ ኋላ ጠቀለልነው።

መጀመሪያ ያየሁት መቀመጫዎቹን ነው። ቫርኒሹ እንዳለ ነው። መዳፌን ዘርግቼ አሳለፍኩት፤ ትንሽ አቧራ ያዘ እንጂ አልሻከረም። የፊተኛው አየር ክፍል ጥግ ላይ አንድ መዳፍ የምታህል ሻጋታ አለች። አየሩ እዚያ አልደረሰም፤ ለከርሞ ክዳኑን መክፈት ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያለውን በር ዝቅ አድርጌ መክፈት አለብኝ። የኋላው የአጎበር ስፌት በአንድ በኩል ለቋል፤ ድንቢጥ ገብታ ሣር አከማችታለች፤ እንቁላል የለውም። ከሰባቱ ልጥፎች አንዱ ተነስቷል። ሐምሌ ላይ የተጫረው ቦታ እንዳለ ነው፤ እሱን በሳምንቱ እጠግነዋለሁ። ሌላው ደህና ነው።

ወንድሜ ጀልባዋ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። እዚያው ደረቅ መሬት ላይ፣ ተጎታቿ ላይ እንዳለች። "ና ግባ" አለኝ። አባባ ሻይ አምጥተው ነበር፤ እሳቸው አልገባም አሉ፣ ከውጭ ቆመው እጃቸውን ከንፈሯ ላይ አድርገው ጠጡ። "ደረቅ ናት" አሉ።

ሻዩን ስንጨርስ የመኪና ቁልፌን አወጣሁ። ውታፉ አራት ወር ሙሉ እዚያው ታስሮ ነበር። ክሩን ፈታሁትና ወደ ኋላዋ ሄጄ ቦታው መለስኩት። አጠበቅኩት።